የምሳ ዕቃው እንቆቅልሽ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ማሲንቆ። ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል።)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናንና ከወንበርማ፣ ከደምበጫ ጀምሮ እስከ ጢስ ዓባይ ያላችሁ ሁሉ፣ ቡና አፍልታችሁ የተቀመጣችሁ፣ እህል እያበጠራችሁ የምታዳምጡ፣ ከብት እያገዳችሁ ሬዲዮውን በትከሻችሁ ያንጠለጠላችሁ፣ ይህ ሳምንታዊው የቤተሰብ ዝግጅታችን ነው።

ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ትናንት ልጃችሁ ለምሳ ምን በላ?

(አጭር ዝምታ።)

መለሳችሁ? ሌላ ጥያቄ እንጨምር። ያ ምሳ ስንት ቀለም ነበረው?

(አጭር ዝምታ።)

ይህኛው ጥያቄ ብዙ ሰው አያስበውም። በብዙ ቤት መልሱ አንድ ነው፤ እንጀራ በሽሮ። በማግስቱም እንጀራ በሽሮ፣ በሠልስቱም እንዲሁ። ሽሮ መልካም ምግብ ነው፤ አተሩና ሽምብራው ሰውነትን ይገነባል። ችግሩ ሁልጊዜ ብቻውን መምጣቱ ነው። ልጁ ይሰለቸዋል፤ ምሳ ዕቃው ግማሹ ሳይበላ ይመለሳል፤ እናት ትቆጣለች፤ ልጅ ያኮርፋል። ማታም ያው ጭቅጭቅ እንደገና ይጀምራል።

የዛሬው ዝግጅት የሚያወራው ይህን ጭቅጭቅ ወደ ጨዋታ ስለመለወጥ ነው። የልጅን ምሳ በመልክ፣ በቀለምና በምናብ ስለማዘጋጀት። እቤት ባለው እህል፣ እጓሮ ባለው ጎመን፣ ቆጥ ላይ ባለችው ዶሮ።

(ሙዚቃ፤ 10 ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ አንዳንድ አድማጭ «ይህ የከተማ ቅንጦት ነው፤ እኛ ሆድ መሙላቱ ይበቃናል» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልስ ይገባዋል።

ምዕራብ ጎጃም እህል የራቀው አገር አይደለም። የቡሬና የወንበርማ በቆሎና በርበሬ፣ የጃቢ ጠህናን ፍራፍሬ፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ድንቹ፣ ማሩና ቅቤው ከዚህ እየተጫነ ሩቅ ገበያ ይደርሳል። ቡሬ ላይ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተገነባውም አካባቢው አምራች ስለሆነ ነው። ልጆቹስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ልጆች 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ያነሰ ነበር ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ ወደ 41 ወርዷል። መውረዱ ደስ ያሰኛል። 41 ልጅ ግን አሁንም ብዙ ልጅ ነው።

እህል በሞላበት አገር ልጅ ለምን ይቀነጭራል?

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ንጹሕ ውኃ ማጣት አለበት፤ ተቅማጥና ሌላ በሽታ አለበት፤ የእናት አመጋገብ አለበት። ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚነሳው የምግብ ዓይነት ማነስ ነው። ጎተራ ሙሉ ሆኖ ሳህን ላይ የሚቀርበው አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ፣ የልጁ ሆድ ይሞላል፣ ሰውነቱ ግን የሚፈልገውን አያገኝም። ይህን ነጥብ ደግመን እንበለው፤ የጠፋው እህሉ ሳይሆን ዓይነቱ ነው።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። መቀንጨር በአብዛኛው የሚወሰነው እናት ካረገዘችበት ቀን ጀምሮ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀውም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ነው። ስለዚህ ጨዋታ ያለበት ምሳ ያለፈውን ይመልሳል ብሎ ማንም ቃል አይገባም። ዛሬ የምንናገርላቸው ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች ግን አሁንም ያድጋሉ፣ ይማራሉ፣ ይሮጣሉ። ደማቸው ብረት፣ ዓይናቸው ቫይታሚን ኤ፣ አጥንታቸው ካልሲየም ይፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚገባው በአፋቸው ነው፤ አፋቸው ደግሞ ካልፈቀደ አይከፈትም።

(የድምፅ ማጀቢያ፤ ልጆች ሲሳሳቁ።)

አቅራቢ፦ ታዲያ የልጅ አፍ በምን ይከፈታል? በቁጣ ነው? በልመና ነው?

በኔዘርላንድ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ4 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ልጆች ፍራፍሬ አቀረቡ። ለአንዱ ወገን ፍሬው ተቆራርጦ እንዲሁ በሳህን ቀረበ። ለሌላው ወገን ያው ፍሬ በቀጫጭን እንጨት ተሰክቶ፣ እንጨቶቹም በሐብሐብ ላይ ተተክለው ቀረቡ። ፍሬው አንድ ዓይነት ነው፤ ጣዕሙም አንድ ነው። ይሁን እንጂ ያጌጠውን ያዩት ልጆች የበሉት የሌሎቹን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ልብ በሉ፤ ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልለመነም። መልኩ ብቻ ተለወጠ።

በጃፓን ደግሞ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያዘጋጁት ምሳ ዕቃ ቤንቶ ይባላል። ሩዙን በእጃቸው ጨምቀው ድብ ወይም ጥንቸል ያስመስሉታል፤ ዓይኑን ከጥቁር የባሕር አረም ቆርጠው ይለጥፉበታል። ትንሿን ቋሊማ ከሥር ሰነጣጥቀው ባለስምንት እግር የባሕር እንስሳ ያደርጓታል። ልጁ ክዳኑን ሲከፍት ይስቃል፣ ከዚያ ይበላል። እዚያ አገር ነገሩ ውድድር ሆኖ እናቶችን ያደከመበት ጊዜም አለ፤ ይህን አንፈልገውም። እኛ የምንፈልገው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እኛ ዘንድ የባሕር አረም የለም። ጥቁር ዓይን የሚሆን ኑግ ግን በየቤቱ አለ።

(ሙዚቃ፤ አጭር።)

አቅራቢ፦ ደግሞስ ይህ ነገር ከጃፓን የመጣ ነው እንዴ? እስቲ የጎጃምን ማጀት እንመልከት።

እናት እንጀራ ስትጋግር፣ ምጣዱን በማሰሻ አብሳ፣ ሊጡን ዙሪያውን እያዞረች አፍስሳ፣ ዓይኑ ሲወጣ አክንባሎውን ትደፋበታለች። ሲበስል በሰፌድ ታነሳዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እንጀራው ይከመራል። ሊጡ ሊያልቅ ሲል ልጆቹ ወደ ምድጃው ይጠጋሉ። ለምን ይመስላችሁ? የመጨረሻዋን ጥቂት ሊጥ እናት በምጣዱ መሀል ጠብ አድርጋ መዳፍ የምታክል እንጀራ ታወጣላቸዋለች። እንጎቻ! ትልቁ እንጀራ በመሶብ ሞልቶ እያለ ልጅ የሚጣላው በእንጎቻ ነው። ሊጡ ያው ሊጥ ነው፤ እሷ ግን ትንሽ ናት፣ ትኩስ ናት፣ የእሱ ናት።

ሙልሙልንም አስቡት። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች ሙልሙል ሲሰጣቸው ደስታቸው ልክ የለውም። የዘወትር ዳቦ ለምን እንዲህ አያስደስታቸውም? ሙልሙል የልጅ ዳቦ ስለሆነ ነው፤ ቅርጹም፣ ቀኑም፣ ጭፈራውም አብሮት ስላለ ነው።

ዕቃቃስ? ልጆች ከደጅ ጭቃ አቡክተው እንጀራ ይጋግራሉ፤ ቅጠል ቀንጥሰው ጎመን ይከትፋሉ፤ በቆርኪ ወጥ ይሠራሉ፤ እንግዳ ይጠራሉ። አንዷ እናት ናት፣ አንዱ አባት ነው፣ ታናሽየው ሁልጊዜ ሕፃን ይሆናል። ልጆቻችን ምግብን በጨዋታ የሚያውቁት ገና ከደጃፍ ጀምረው ነው። ወላጅ የሚጠበቅበት ዕቃቃውን ከደጅ ወደ ማጀት ማስገባት ብቻ ነው።

ስለዚህ «የከተማ ቅንጦት ነው» ላሉት መልሱ ይህ ነው፤ ጨዋታው ጥንትም የእኛ ነበር። ዛሬ ልናክልበት የምንፈልገው የምግቡን ዓይነት ነው።

(የድምፅ ማጀቢያ፤ የምጣድ ጠስ ጠስ፣ የማጀት ድምፅ።)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጁም ይታጠብ።

መጀመሪያ ቀንድ አውጣ እንሥራ። አንድ እንጀራ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ሽሮው ወፈር ብሎ የተሠራ ይሁን፤ ከቀጠነ እንጀራውን ያርሰዋል፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ ገንፎ ይሆናል። ሽሮውን በማንኪያ ጀርባ በስሱ ቀቡት። በላዩ በደንብ ደቆ የተከተፈ፣ በቅቤ ወይም በዘይት የበሰለ ጎመን በትኑበት። ከጎመኑ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሩበት። አሁን ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። ጥቅሉን በስለት ሁለት ጣት በሚያህል ርቀት ቆራርጡት። ቁራጩን ወደ ላይ አዙራችሁ እዩት እስቲ! ቡናማው ሽሮ፣ አረንጓዴው ጎመን፣ ቢጫው እንቁላል እየተጠማዘዙ ይታያሉ፤ ልክ የቀንድ አውጣ ቤት። አራት ቀንድ አውጣ ምሳ ዕቃው ውስጥ አቁሙ። ለአንዱ ከካሮት ሁለት ቀንድ ስኩለት።

አያችሁ? ያው እንጀራ ነው፤ ያው ሽሮ ነው። ግን አንድ የነበረው ዓይነት አራት ሆነ። ይህንንም ደግመን እንበለው፤ ሽሮውን አትተዉት፣ ጓደኛ ጨምሩለት።

የሜዳ አህያ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። በብዙ ቤት የዳጉሳ እንጀራም የነጭ ጤፍ እንጀራም በተለያየ ቀን ይጋገራል። ሁለቱ የተገናኙ ቀን አንዱን ነጭ፣ አንዱን ጥቁር እያደረጋችሁ ደርድሯቸው፤ በመካከላቸው አይብ ወይም የተፈጨ ምስር ቀቡ። አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ስትቆርጡት ከጎኑ ዥንጉርጉር ይሆናል። ዳጉሳን ለጠላና ለአረቄ ብቻ የምናስብ ካለን እንወቀው፤ ካልሲየም በብዛት ካላቸው እህሎች ዳጉሳ ግንባር ቀደሙ ነው። የልጅ አጥንትና ጥርስ ይፈልገዋል።

ድንች ያለው ጫጩት ይሥራ። ድንቹ ተቀቅሎ ይፈጫል፤ ትንሽ ቅቤና የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ገብቶበት በእጅ ይድቦለቦላል። ሁለት ፍሬ ኑግ ዓይን፣ ስንጥቅ ካሮት መንቁር። አለቀ።

ገንፎስ? ገንፎ የተወለደው ለጨዋታ ነው። መሀሉ ጎድጓዳ፣ ዳሩ ከፍ ያለ፣ ቅቤው መሀል የሚንጣለል። «ይህ ጮቄ ተራራ ነው» በሉት ልጁን። «ከጮቄ የሚነሳው ተምጫ ወንዝ የት ነው የሚገባው?» ልጁ በማንኪያው ዳሩን ይቀድና ቅቤውን ወደ ሳህኑ ያወርደዋል። «ዓባይ!» ይላል። ከዚያ ተራራውን በልቶ ይጨርሰዋል። ጂኦግራፊም ተማረ፣ ምሳም በላ። በነጭ እርጎ የሚወርድ ፏፏቴ ያደረገ ልጅ ደግሞ ጢስ ዓባይን ሠራ ማለት ነው። ለገንፎው በርበሬውን ቀንሱለት፤ ለልጅ ምላስ ጥቂቱ ብዙ ነው።

(ሙዚቃ፤ ዋሽንት፣ 15 ሰከንድ።)

አቅራቢ፦ ልጁ ራሱ ሲሠራ ደግሞ የበለጠ ይበላል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ6 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ልጆች ምሳቸውን ከወላጃቸው ጋር እንዲያበስሉ ተደርጎ ሲጠና፣ አብረው ያበሰሉት ልጆች ወላጅ ብቻውን ካበሰለላቸው ይልቅ ሰላጣ በብዛት በሉ።

ስለዚህ ለልጁ የሚመጥነውን ሥራ ስጡት። የአራት ዓመት ልጅ ጎመን ከአገዳው መለየት ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል። እንቁላሏን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በመዳፉ ጫን እያለ ሲያንከባልላት ቅርፊቷ ይሰነጣጠቃል፤ ከሰፊው ጫፍ ጀምሮ ከነስስ ሽፋኗ ሲልጣት ንጹሕ ሆና ትወጣለች። የመጀመሪያዋ ትቦጫጨቃለች። ተዉት፣ ትቦጫጨቅ፤ የተቦጫጨቀችውን ራሱ ይበላታል። ቢላዋና እሳት ግን የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ወንድ ልጅም ሴት ልጅም እኩል ይቀመጡ፤ እንቁላል መላጥ የሴት ሥራ ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ቦታ የለም።

አሁን አንድ ቤት እንግባ። ጠዋት ነው፤ አንዲት እናት ኦ ክፍል ለምትማር ልጇ ምሳ እያዘጋጀች ነው።

(የድምፅ ማጀቢያ፤ ዶሮ ሲጮኽ፣ የዕቃ ድምፅ።)

እናት፦ እንቆቅልሽ!

ልጅ፦ ምን አውቅልሽ!

እናት፦ በር የሌላት ጎጆ፣ ግድግዳዋ ነጭ፣ ውስጧ የተኛች ቢጫ ሙሽራ።

ልጅ፦ እእ… የንብ ቀፎ!

እናት፦ ቀፎማ በር አለው። ንቦቹ በምን ይገባሉ?

ልጅ፦ ሙዝ!

እናት፦ (እየሳቀች) የሙዝ እኮ ቢጫው ግድግዳው ነው። አላወቅሽም፤ በይ አገር ስጪኝ።

ልጅ፦ ቡሬን ሰጠሁሽ!

እናት፦ ቡሬ ገብቼ ምን አጥቼ! ማሯን ልሼ፣ እርጎዋን ጠጥቼ፣ በፈረስ ጋልቤ መጣሁልሽ።

ልጅ፦ መልሱስ እማዬ?

እናት፦ መልሱ ምሳ ዕቃሽ ውስጥ ነው። ስትከፍቺው ታገኚዋለሽ።

(የድምፅ ማጀቢያ፤ ልጅ እየሮጠች ስትሄድ። ሙዚቃ።)

አቅራቢ፦ አድማጮች፣ መልሱን አወቃችሁት? እንቁላል ናት!

ይህች ልጅ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ምን እያሰበች የምትውል ይመስላችኋል? ምሳ ዕቃዋን የምትከፍተው ለመብላት ብቻ አይደለም፤ መልሱን ለማየትም ነው። እናቷም ያወጣችው ተጨማሪ ገንዘብ የለም። እንቆቅልሹ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጨዋታ ነው፤ ዘወትር የምንጫወተው ማታ እሳት ዳር ነበር፣ ጠዋትም ይሠራል።

አንድ እንቆቅልሽ እንጨምርላችሁ። መሬት ላይ ተኝቶ ያደገ፣ ሲታረድ ደም የማይወጣው፣ ሆዱ በልጆች የተሞላ። ምንድን ነው? ዱባ ነው! ልጆቹ ፍሬዎቹ ናቸው። ዱባውን ቀቅላችሁ በኮከብ ወይም በጨረቃ ቅርጽ ቁረጡት። ፍሬውን አትጣሉት፤ ቆልታችሁ አድቅቁትና ምግቡ ላይ ነስንሱት።

ዱባን ያነሳነው በምክንያት ነው። ብርቱካናማና ቢጫ ቀለም ያላቸው እንደ ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎና ፓፓያ ያሉት ለዓይን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንችም እንዲሁ ነው፤ እሱን ያበለጸጉና በአፍሪካ ያስፋፉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋርተዋል። እነዚህን ስታዘጋጁ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ይንካቸው፤ ያለ ስብ ሰውነት ቫይታሚን ኤውን በሚገባ አይወስደውም። አረንጓዴው ከጓሮ ጎመንና ከቆስጣ ይመጣል። ቡናማው ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ነው። ነጩ ወተት፣ አይብና እንቁላል። ቀላሉ ደንብ እንግዲህ ይኸው፤ በአንድ ምሳ ቢያንስ ሦስት ቀለም። ምን አልን? ሦስት ቀለም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ሦስት ቀለም ሲባል ባለቀለም ከረሜላና ብስኩት ማለት አይደለም። ሱቅ የሚሸጠው ቀለም ጥርስ ያበላሻል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል።

(ሙዚቃ፤ አጭር።)

አቅራቢ፦ «ልጄ ጎመን ገና ሲያይ ፊቱን ያዞራል» የምትል እናት ትኖራለች። ምን ታድርግ?

ታግሣ ትድገምለት። የልጆችን አመጋገብ ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት አንድ ልጅ አዲስ ምግብ ለመልመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው «ይሄ ልጅ ጎመን አይወድም» ብለን እንፈርዳለን። ኤሊን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ የሥራ ክፍፍል ታስቀምጣለች፤ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። እኛ አገር ጉርሻ አለ፤ ፍቅር ነው፣ ይቀጥል። ልጁ ከንፈሩን ከገጠመ ግን ጉርሻው ይመለስ። በግድ የገባ ምግብ ለነገው ጥላቻ ያተርፋል።

ስለ ጾምም እናንሳ፤ ጥያቄው ብዙ ቤት ያለ ነው። በጾም ወራት እናት ወተትና ቅቤ እንዳይነካካባት ስትል የልጁንም ምግብ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ታደርገዋለች። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ጹሙ አትልም። ጾሙን ከነረቡዕና ዓርቡ ብንቆጥረው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይሆናል፤ ይህን ሁሉ ቀን ሕፃን ከወተትና ከእንቁላል ተለይቶ ሲኖር አስቡት! መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ለልጁ ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ። ለሚጾሙት ትልልቅ ልጆች ደግሞ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ባቄላና ምስር በቀንድ አውጣው ውስጥ ይገባሉ።

ጥንቃቄዎቹን ፈጠን ብለን እንለፍ። ያልተፈጨ ኦቾሎኒና ቆሎ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥ፤ ያንቃል፤ ለእነሱ ተፈጭቶ ይሁን። ለምሳ ዕቃ የሚሆን እንቁላል እስኪጠነክር ይቀቀል። ወተት ይፍላ። ጥሬ አትክልት በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑ አይከደን፤ ላቡ ያበላሸዋል። ዕቃው በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር አይቅረብ፤ በምግቡ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግደዋል። በምትኩ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ሰላጣ ወይም ብርቱካን ቢሆን ብረቱን ያግዘዋል።

ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል፤ ከእሱ ጋር ለስለስ ያለ ተጨማሪ ምግብ ጀምሩለት። እንቁላሏ እዚያም ትገባለች። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይቅመስ።

(ሙዚቃ፤ ዝግ ያለ፤ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል።)

አቅራቢ፦ አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ሕፃናት ቁርስና ምሳ ይመግባል። በገጠሩ ጎጃም ግን የልጅ ምሳ የሚወጣው ከእናት እጅ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ቢውልም፣ ቤት ቢውልም፣ ከብት ይዞ ቢወጣም ምሳው ያው የእናቱ ምሳ ነው። አንድ እናት ይህን ሁሉ ብቻዋን ትቻለው ማለት ደግሞ ተገቢ አይደለም፤ ስለዚህ የዛሬው የመጨረሻ ቃል ለአባቶች ነው።

አባቶች ሆይ! በገበያ ቀን ዶሮዎቹ የጣሉት እንቁላል ሁሉ በጭድ ተጠቅጥቆ ገበያ ይሄዳል። ጨውና ጋዝ ይገዛበታል፤ እናውቃለን፣ ችግር ነው። ቅቤውም እንዲሁ ይሸጣል። ከገበያው በፊት ግን ቁጠሩና ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት ሦስት እንቁላል ለይታችሁ አስቀሩ። የቀረውን ሽጡት። ከገበያ ስትመለሱ ደግሞ ብስኩቱን ትታችሁ ዱባ ወይም ካሮት ያዙ። ሌሎቻችሁም ልጆቻችሁን የሚያስቁ እንቆቅልሾች ካሏችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናነባቸዋለን።

እስከዚያው ይህን ከልጆቻችሁ ጋር ፍቱ፤ ጢሙ የረዘመ፣ ሽማግሌ ያልሆነ፤ ጥርሱ የሞላ፣ የማይናከስ። ሰላም ቆዩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፤ ማሲንቆ።)